የታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የአንድ የሠራዊት ቄስ ቤተሰብ

የታሪክ ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን የያዘው ዋና ሥራ አንድ ነበር። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ የሠራዊት ቄስ የነበሩትን የዊልያም ኤመርሰንን ቤተሰብ ከአያታቸው ጀምሮ እስከ ልጅ ልጃቸው ድረስ መርምሮ በአማርኛ መጻፍ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ የምናመጣቸው የራሳቸውን ቋንቋና ታሪክ እንዲማሩ ነው፤ የፈረንጅ ቄስ ዘር መቁጠር ምን ይፈይድላቸዋል?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ክበቡ በሠራው ሥራ ውስጥ ስላለ ሥራውን ልንገራችሁ።

ይህን ቤተሰብ የመረጥንበት ምክንያት ቅርባችን መሆኑ ነው። ቄሱ ያገለገሉባት የማሳቹሴትስ ከተማ ኮንኮርድ ከትምህርት ቤታችን በመኪና ሩቅ አይደለችም፤ ቄሱ ያሠሩት ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ደብዳቤዎቻቸውና ስብከቶቻቸውም በከፊል ተጠብቀው ቆይተዋል። በዚያ ላይ ጦርነቱ የተጀመረበት የኮንኮርድ ውጊያ 250ኛ ዓመት የተከበረው በዚሁ የትምህርት ዘመን ነው። ታቦት ተከትለው ዐድዋ ስለዘመቱት ካህናት ከወላጆቻቸው የሰሙ ልጆቻችን ቄስ ከጦር ጋር ምን እንደሚሠራ ለመረዳት አልተቸገሩም።

ስብሰባዎቻችን ከትምህርት በኋላ በአዳራሹ ጥግ የሚካሄዱ ሲሆኑ፣ አብዛኛው ጊዜ ያለፈው ስምና ዓመት በማመሳከር ስለሆነ በዝርዝር አላነሣቸውም። ልጆቹ ያገኙት ታሪክ ግን ሊነገር የሚገባው ነው። (የአሜሪካ ታሪክ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የዊልያም የእናታቸው አባት ሳሙኤል ሙዲ፣ ዛሬ ሜይን በምትባለው ግዛት የዮርክ ቄስ ነበሩ፤ በ1745 ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ሳለ ከኒው ኢንግላንድ ጦር ጋር ዛሬ ካናዳ ውስጥ ወዳለው የፈረንሳዮች ምሽግ ሉዊስበርግ ዘምተዋል፤ በዚያ ያለውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምስሎች የሚሰባብሩበት መጥረቢያ ይዘው እንደሄዱም ይነገራል። የዊልያም አባት ጆሴፍ ኤመርሰንም በዚያው በማሳቹሴትስ የማልደን ከተማ ቄስ ነበሩ። ዊልያም በ1743 ማልደን ተወልደው፣ በ1761 ሃርቫርድን ጨርሰው፣ በ1766 የኮንኮርድ ቄስ ሆኑ፤ በዚያው ዓመትም ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ቄስ ልጅ ፊቢ ብሊስን አገቡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ልጆቹን ያነጋገረ ነው። ቄሱ በማርች 1775 የአካባቢውን ሚሊሻ ሰብስበው «እግዚአብሔር ራሱ አለቃችን ነው» የሚለውን የመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቃል ይዘው ሲሰብኩ፣ የሚስታቸው ወንድም ጠበቃው ዳንኤል ብሊስ ግን ለእንግሊዙ ንጉሥ ታማኝ ነበሩ፤ በዚያው ወር የከተማዋን ሁኔታ ሊሰልሉ የመጡ ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖችን በቤታቸው አስተናግደው ከእነሱ ጋር ኮንኮርድን ለቀው ወጡ። ንብረታቸው ተወረሰ፤ ኋላም ኑሯቸውን በካናዳ አደረጉ። አንድ ቤተሰብ በፖለቲካ ለሁለት ሲከፈል ምን እንደሚመስል ለክበባችን አባላት ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ቄሱ በኦገስት 1776 ኒው ዮርክ ውስጥ ወዳለው የቲኮንደሮጋ ምሽግ ዘመቱ። እዚያ በጦር ሰፈር በሽታ ተይዘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ኦክቶበር 20 ቀን ቨርሞንት ውስጥ ረትላንድ በተባለ ቦታ በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። አምስት ልጆች ይዘው የቀሩት ፊቢ በ1780 በባላቸው ቦታ የተተኩትን ቄስ ኤዝራ ሪፕሊን አገቡ። ልጃቸው ሜሪ ገና በሕፃንነቷ ማልደን ላሉ ዘመዶች ተሰጥታ አደገች፤ ኋላ የወንድሟን ልጅ፣ የታወቁትን ጸሐፊ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰንን አእምሮ ከቀረጹት ሰዎች መካከል አንዷ እሷ ሆነች።

በፀደይ ወራት ኮንኮርድ ሄደን በ1770 የተሠራውን ቤት ጎበኘን። ከፎቁ መስኮት ወንዙና ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ተኩስ የተከፈተበት ድልድይ ይታያሉ። የቤተሰቡ ትረካ እንደሚለው በዚያ ጠዋት ፍራንክ የሚባሉ ሰው መጥረቢያ በእጃቸው እንደያዙ ወደ ወይዘሮ ፊቢ ክፍል ሮጠው ገብተው ቀይ ለባሾቹ፣ ማለትም የእንግሊዝ ወታደሮች፣ መምጣታቸውን ተናገሩ። ፍራንክ ቄሱ በባርነት ይዘዋቸው የነበሩ ሰው ናቸው። ነፃነትን የሰበኩ ቄስ ባሪያ ነበራቸው ማለት ነው፤ ይህን ለልጆቹ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

የዘር ሐረጉን ሰፊ ወረቀት ጠቅልላ ይዛ የመጣችው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ስትሰማ ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግታ ስሙን በጣቷ ፈለገች። አልነበረም። «እዚህ ቤት ነበሩ አይደል? ታዲያ ለምን እኛ ጋ የሉም?» አለችኝ። ከዚያ እርሳስ አውጥታ «ፍራንክ» ብላ ጻፈች። መስመር ልትስብ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች፤ የወላጅም የልጅም ስም ስላልነበራት ስሙን በሣጥን ከብባ ብቻውን ተወችው። ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የተናገረ ልጅ አልነበረም፤ እኔም ለማስተማር ብዬ የምጨምረው ቃል አላገኘሁም። በመመለሻችን አንድ ታናሽ ልጅ በቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ሁለት መሆናቸውን አስታወሰን፤ የአንደኛው አባትና እናት ይታወቃሉ፣ የሁለተኛው ግን አይታወቁም።

በዚያው ቀን ከድልድዩ አጠገብ የሚገኘውን የሮቢንስ ቤትንም አይተናል። ቄሳር ሮቢንስ በባርነት ኖረው በነፃነቱ ጦርነት የዘመቱ ሰው ናቸው፤ ቤቱ የልጆቻቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው ኤለን ጋሪሰን መምህርት ሆነው፣ በ1866 ባልቲሞር በሚገኝ የባቡር ጣቢያ ከነጮች ማረፊያ ክፍል ሲባረሩ ጉዳዩን ወደ ሕግ ወስደዋል። ያቺ ተማሪ ለዚህ ቤተሰብ ሌላ ወረቀት ጀምራ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስትሠራበት ቆየች።

ወላጆች ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ የታየው ከጉዞው በኋላ ነው። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው የየቤታቸውን ሐረግ መጻፍ ጀመሩ። ጎጃም ላሉት አያቱ ስልክ ደውሎ ሰባት ቤት ያስቆጠረ ልጅ አለን፤ የሰማውን ስም ሁሉ ማን እንደነገረው አጠገቡ ጽፏል፤ ይህንንም ልማድ ያገኘው ከኤመርሰን ቤተሰብ ሥራ ነው። ጥያቄውን ካነሡት ወላጆች መካከል አንድ አባት በዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ ልጃቸው ከጻፈው ወረቀት ፊት ቆመው የቀረውን ስም አስሞልተውታል።

ያልተሳካልንም አለ። ማልደን ለመሄድ ያሰብነው ጉዞ በመጓጓዣ እጦት ቀርቷል፤ ኮንኮርድም የደረስነው በወላጆች መኪና ተከፋፍለን ስለሆነ ቦታ ያጡ ልጆች ቀርተውብናል። ለእግር ኳስ ቡድናችን ማሊያ ሲገዛ ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን ለታሪክ ክበብ የፎቶ ኮፒ ወረቀት እንኳ በበጀቱ ውስጥ አልተያዘም፤ ልጆቹ የሠሩበትን ሰፊ ወረቀት የገዛነው ከኪሳችን ነው።

ለመጪው ዓመት የወላጆች ኮሚቴ ለአንድ ቀን የአውቶቡስ ኪራይ፣ ለፎቶ ኮፒና የአረጋውያንን ቃል ለመቅዳት ለሚያገለግል አንድ መቅረጫ በጀት እንዲይዝልን እጠይቃለሁ። በቤታቸው የቆየ ደብዳቤ፣ የክርስትና ወይም የጋብቻ ወረቀት ያላቸው ቤተሰቦችም ቅጂውን ቢያውሱን ልጆቹ ከመስከረም ጀምሮ ሊሠሩበት ዝግጁ ናቸው።