ለደሴቲቱ ቤተሰብ ተብሎ የተከፈለው ገንዘብ የት ገባ?

ቀን፦ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በፔሩ የቲቲካካ ሐይቅ ጉዞ ላይ የተፈጸመ የውል መጓደልንና ለአስተናጋጅ ቤተሰብ የተሰበሰበ ክፍያን ይመለከታል

እኔና ባለቤቴ ባለፈው ሰኔ በእናንተ በኩል ወደ ፔሩ ተጉዘን ተመልሰናል። የጉዞው ዋና ነገር ቲቲካካ ሐይቅ ላይ፣ አማንታኒ በምትባለው ደሴት፣ ከነዋሪ ቤተሰብ ጋር ማደር ነበር። ማስታወቂያችሁ በትልቁ የሚያወጣው እሱን ነው፤ እኛም ገንዘባችንን የከፈልነው ለእሱ ብለን ነው። እንደተመለስን በስልክ ያቀረብኩት አቤቱታ «እዚያ ያለው አጋራችን ያጠፋው ነው» ተብሎ ስለታለፈ፣ አሁን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ቅሬታ የሌለኝን ነገር ልናገር፤ ነገሩ «ቱሪስት ተቀማጠለ» ተብሎ እንዳይታለፍ። ስለ ብርዱ አላማርርም። ሰኔ በዚያ በኩል ቀኑ ጥርት ያለ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነበት ወቅት ነው፤ ይህን አውቀን ጋቢ ይዘን ነው የሄድነው። ሙቅ ሻወር አለመኖሩ፣ መጸዳጃው ግቢ ውስጥ መሆኑ፣ መብራቱ ከፀሐይ ኃይል የምትሠራ አንዲት ደብዛዛ አምፖል መሆኗ ቅር አላለንም። ደሴቲቱ ላይ መኪና የለም፤ ሻንጣችንን ከጀልባው እስከ ቤቱ ተሸክመን ዳገቱን ወጥተናል። ሰው ቤት ሄዶ ሆቴል መፈለግ ነውር ነው።

ቅሬታዬ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በሰጣችሁን ደረሰኝ ላይ «ለአስተናጋጅ ቤተሰብ፣ ለሁለት ሰው፣ አንድ ሌሊት ከሦስት ማዕድ ጋር፣ 120 ዶላር» የሚል መስመር አለ። በራሪ ወረቀታችሁ ላይ ደግሞ «ክፍያው በቀጥታ ለደሴቲቱ እናቶች ይደርሳል» የሚል ቃል ከአንዲት የአማንታኒ ሴት ፎቶግራፍ ሥር ተጽፏል። እውነት ለመናገር እናንተን ከሌሎቹ ያስመረጠን ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

በደረስንበት ማታ፣ ራት ከተነሣ በኋላ፣ የቤቱ ልጅ ባለቤቴን ወደ ጓዳ ጠራቻት። ባለቤቴ ስፓኒሽ ትችላለች፤ ልጅቱም ከእናቷ ኬችዋ ወደ ስፓኒሽ እየመለሰች ቀኑን ሙሉ ስታግባባን ነበር የዋለችው። ዓይኗን መሬት መሬት ላይ አድርጋ የጠየቀቻት ነገር ይህ ነው፦ የእኛን የመኝታና የምግብ ሒሳብ ለአስጎብኚው ከመስጠት ይልቅ በእጃቸው ልንሰጣቸው እንችል እንደሆነ። ምክንያቱም እዚያ ያለው አጋራችሁ፣ አስጎብኚ ድርጅቱ፣ ያለፈውን እንግዳ ሒሳብ ገና አልከፈላቸውም። ሒሳቡ ስንት እንደሆነ ስትጠየቅ «ለአንድ ሰው 35 ሶል» አለች፤ ሶል የፔሩ ገንዘብ ነው። ለሁለታችን 70 ሶል መሆኑ ነው፤ ሃያ ዶላር እንኳ አይሞላም። በዚህ ውስጥ ምሳ፣ ራት፣ ቁርስ፣ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ጧት የመታጠቢያ ሙቅ ውሃ አለ። ባለቤቴ ተመልሳ ስትነግረኝ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ሰባውን ሶል በዚያው ሌሊት ሰጠናቸው፤ ማለትም ለአንድ መስተንግዶ ሁለት ጊዜ ከፍለናል። በዚያ አልቆጭም።

ሐይቁ ዳር ወዳለችው ፑኖ ከተማ ስንመለስ አስጎብኚ ድርጅቱ ቢሮ ሄደን የቅሬታ መዝገቡን አስወጣን። በፔሩ ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የንግድ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ መዝገብ የማኖር፣ ለተጻፈበት ቅሬታም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ችላ ቢል «ኢንዴኮፒ» የሚባለው የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይቀጣዋል። መልሱም መጣልን። ለቤተሰቡ መዘግየታቸውን አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል። ቀጥለው ግን ለእኛ ለሁለታችን የመስተንግዶ ክፍያ ከአዲስ አበባ የተላከላቸው 20 ዶላር ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። የደብዳቤው ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። እንግዲህ አጋራችሁ የሚጠየቀው በሃያው ነው። መቶው ከእናንተ ቢሮ አልወጣም።

አማንታኒ ላይ እንግዳ ለየቤቱ የሚደለደለው በተራ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ወረቀታችሁ ላይ ራሳችሁ ጽፋችሁታል። ማኅበረሰቦቹ ተራውን ያወጡት የቱሪስት ገንዘብ በጥቂት ቤቶች እጅ እንዳይቀር ነው። እኛ ስንደርስ በጥልፍ ያጌጠ ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ እናቶች መውረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አስጎብኚው እነሱን አልፎ ወደ ተለመደው ቤት ወሰደን። ለምን እንደሆነ ቆይተን ከልጅቱ ሰማን፦ በዚህ ዋጋ እሺ የሚሉት ቤቶች ጥቂት ናቸው። ዋጋውን እዚህ ስትቆርጡት እዚያ ተራውም አብሮ ይፈርሳል።

ሌላው የጾሙ ጉዳይ ነው። የተጓዝነው በሰኔ ጾም ነው። ባለቤቴ በሰጣችኋት ፎርም ላይ፣ የምግብ ሁኔታ በሚለው ቦታ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብና እንቁላል እንደማትበላ በግልጽ ሞልታለች፤ ሠራተኛችሁም በስልክ «አስተላልፈናል፣ አታስቡ» ብላታለች። ለማን እንደተላለፈ እስካሁን አልገባንም። አስጎብኚው አያውቅም። ቤተሰቡ ደግሞ ጾማችንን ይቅርና መምጣታችንን ያወቁት ጀልባዋ ስትጠጋ ነው።

እናትየው በዚያች ዝቅ ያለች የጭቃ ጓዳ ጎንበስ ብለው ምድጃውን እፍ ሲሉ ቆይተው፣ ለክብራችን ብለው በዘይት የጠበሱትን አይብ ከድንቹ በላይ ደርድረው አቀረቡልን። ባለቤቴ ድንቹን ብቻ ከዳር ከዳር ስትለቅም አዩዋት። ምግባቸው የተናቀ መስሏቸው ሳህኑን አነሡት፤ ፊታቸው ልውጥ ብሏል። ጥቂት ቆይተው በአይቡ ፈንታ የተጠበሰ እንቁላል አድርገው ይዘው መጡ! ለወትሮው ያስቃል። ያን ዕለት ግን ባለቤቴ እንባዋ መጣ። ልጅቱ ነገሩን እስክታስረዳቸው ድረስ ሴትዮዋ ምን እንዳጠፉ ይጨነቁ ነበር።

የሚያበሳጨው ደግሞ ደሴቲቱ የጾም ምግብ ሞልቶ የተረፋት መሆኗ ነው። ኪኑዋ የሚሉት እህል፣ ባቄላው፣ ዓይነቱ የበዛ ድንች፣ ኦካ የሚሉት ጣፋጭ ሥራሥር፣ ሙኛ የተባለው ቅጠል ሻይ፣ ሁሉም ከዚያው ከእርከን እርሻቸው የሚገኝ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ መልእክት ቢደርሳቸው ኖሮ ማንም አይቸገርም ነበር። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ባቄላ በቀላሉ አይበስልም፤ ድንገት ለደረሰ እንግዳ በቶሎ የሚደርሰው አይብና እንቁላል ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ያደረጉት ማንም ባለሙያ የሚያደርገውን ነው።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ። የተዋዋልንበት መርሐ ግብር ከሊማ ተነሥተን አሬኪፓ ከተማ ሁለት ሌሊት አድረን ወደ ፑኖ እንድንወጣ ነበር። አሬኪፓ 2,335 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ በደንብ የታሰበ ነበር። ልንነሣ ስንል የደረሰን አዲሱ መርሐ ግብር ግን አሬኪፓን ሰርዞ ከሊማ በቀጥታ ፑኖ አጠገብ ወዳለችው ሁሊያካ ከተማ በአውሮፕላን የሚወስድ ሆነ። ከባሕር ዳርቻ ተነሥተን ከቁርስ በኋላ 3,800 ሜትር ላይ ወረድን። ለምን ብዬ ስጠይቅ ሠራተኛችሁ «አዲስ አበባ የኖረ ሰው ከፍታ አይበግረውም» አለኝ።

ይህን ለሌላ ደንበኛ እንዳትደግሙት አጥብቄ እጠይቃለሁ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ናት። የቲቲካካ የውሃው ገጽ 3,812 ሜትር ነው። በመሃል ያለው ልዩነት ወደ 1,450 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚወጣ ሰው የመኝታ ቦታው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር ባይበልጥ ይላሉ። የደጋ ልጅ መሆን ጥቂት ይረዳ ይሆናል እንጂ ክትባት አይደለም። እኔ አማንታኒ ላይ ሌሊቱን ራሴ ሊፈነዳ፣ ስተነፍስ አየሩ አልበቃ ሲለኝ፣ ስታወክ ነው ያነጋሁት። በውላችን «ጀልባው ላይ ኦክስጅን ይኖራል» ይላል። አስጎብኚውን ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ሌሊቱን ሙሉ ሙኛ እያፈሉ ያመላለሱልኝ እኚያው በ35 ሶል የተቀጠሩ እናት ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ፓቻታታ ኮረብታ መውጣት የሚለውን የመርሐ ግብሩን ክፍል በር ላይ ተቀምጬ ሌሎች ሲሄዱ አየሁት።

ቀሪውን ባጭሩ ልናገር። በኡሮስ ተንሳፋፊ ደሴቶች ከአንድ ቤተሰብ ጋር ግማሽ ቀን እንውላለን ብላችሁን ነበር፤ ቶቶራ የተባለውን ቄጠማ እንዴት እየደራረቡ መሬት እንደሚያደርጉት ገና ተብራርቶ ሳያልቅ ወደ ጀልባ ግቡ ተባልን። «በዋጋው ውስጥ ተካቷል» ያላችሁትን የቄጠማ ጀልባ ሽርሽርም ከኪሳችን 30 ሶል ከፍለንበታል። ታኪሌ በምትባለው ሌላዋ የሐይቁ ደሴት ላይ የጎደለብን ነገር የለም። ወንዶቹ መንገድ እየሄዱ ሳይቀር ቆብ ሲሠሩ አይተናል፤ ሸመናቸውን ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ማስፈሩ ይገባቸዋል። የታኪሌን በጎነት የምጽፈው ነገሩ ሁሉ ጨለማ ነበር እንዳይባል ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። መጀመሪያ፣ በቤተሰቡ ስም ተቀብላችሁ ያልላካችሁት 100 ዶላር ለቤተሰቡ ይላክ። ለእኔ እንዲመለስልኝ አልጠየቅሁም፤ ከሌላው ተመላሽ ጋር አቀላቅላችሁ ወደ ሒሳቤ እንዳታስገቡት። በአስጎብኚ ድርጅቱም በኩል ከላካችሁት ከቤተሰቡ የተፈረመ መቀበያ ይምጣ። ቀጥሎ፣ ያለ ፈቃዳችን የሰረዛችሁት የአሬኪፓ ሁለት ሌሊት መኝታና መጓጓዣ ዋጋ፣ እንዲሁም ለቄጠማ ጀልባው የከፈልነው 30 ሶል ለእኛ ይመለስልን። «በቀጥታ ለደሴቲቱ እናቶች ይደርሳል» የሚለውን ቃል ደግሞ ወይ እውነት አድርጉት፣ ወይ ከወረቀታችሁ አንሡት። የሴትዮዋን ፎቶግራፍም አብራችሁ፤ አስፈቅዳችሁ እንዳነሣችኋቸው እጠራጠራለሁ።

በስልክ ያቀረባችሁልኝን «ለሚቀጥለው ጉዞ 15 በመቶ ቅናሽ» አልቀበልም። ቅናሹ ከማን ድርሻ እንደሚቆረጥ አሁን አውቃለሁና።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ሰነዶቹን ይዤ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አቀርባለሁ። መልሱን በስልክ አልቀበልም።

የደረሰኙ፣ የበራሪ ወረቀቱ፣ ባለቤቴ የሞላችው ፎርም፣ የሁለቱ መርሐ ግብሮችና ከፑኖ የመጣው መልስ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የቤተሰቡ ስም በፑኖው መልስ ላይ ስለሚገኝ ለመላክ የሚቸግራችሁ ነገር የለም።

ከሰላምታ ጋር
በሰኔው የቲቲካካ ጉዞ የተሳተፍኩ ደንበኛችሁ
(ፊርማ)