የምስጋና መልእክት፦ ለጥበቃ ቤቷ አግዳሚ ሰዎች

ለጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ፣ ለዕድራችን አባላት፣ ለወዳጅ ዘመዶቼ ሁሉ፤

በየካቲት መጨረሻ ቀኝ እጄንና አንደበቴን የያዘብኝን ሕመም ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ቀኝ እጄ ገና እሺ ስላላለኝ ይህንን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ቃል ሲጠፋኝ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። እንግዲህ መልእክቱ ቢንቀራፈፍ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእሷ አይደለም።

በዚያ ሌሊት ከአራተኛ ፎቅ በብርድ ልብስ አድርጋችሁ ያወረዳችሁኝ የብሎካችን ወጣቶች፣ ስንት እንደነበራችሁ እንኳ አላውቅም። ደረጃው ላይ አንዳችሁ «ቀስ! ግድግዳው! ግድግዳው!» ስትሉ ብቻ ትዝ ይለኛል። ተባረኩ። ሐኪሞቼና ነርሶቼ፣ ዕድሩ፣ ማኅበርተኞቼ፣ ከቀድሞ የታክሲ ተራ የመጣችሁ ጓደኞቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አሁን ወደ አግዳሚዋ ልምጣ።

ለማያውቁን፦ ከብሎካችን በር ላይ፣ ከጥበቃ ቤቷ ጎን፣ አንድ የእንጨት አግዳሚና ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። ከአሥር ሰዓት በኋላ እዚያ የሚሰበሰበውን ሰው ልጆቻችን «የፀጥታው ምክር ቤት» ይሉታል። እንደ ኒውዮርኩ አምስት ቋሚ አባላት አሉን፦ ሻምበል፣ መምህር፣ ጥበቃችን፣ ቡና የምታፈላልን እህታችንና እኔ ባለታክሲው። ውሳኔ የመሻር ሥልጣን ያላት ግን ባለቡናዋ ብቻ ናት። ጀበናዋን ካነሳች፣ ዓለም ቢቃጠልም ስብሰባው አበቃ።

ከዩክሬን ተነስተን የውሃው ፈረቃ ለምን ከሐሙስ ወደ ቅዳሜ እንደዞረ እንደርሳለን። ከማይጨው ተነስተን የደረጃውን አምፖል ማን ይግዛ በሚለው እንጣላለን። የሚያልፍ ሰው ሥራ ፈቶች ይለናል። ይበለን። እኔ ስይቼንቶ ታክሲ ስነዳ ነው ያደግሁት፤ በመስከረም 1966 አረቦችና እስራኤል ሲዋጉ ነዳጅ ተወደደ፣ በየካቲት እኛ ባለታክሲዎች መኪናችንን አቆምን፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት ወጡ። ሲናይ በረሃ ላይ የተተኮሰ ጥይት ፒያሳ ድረስ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሩቅ ጦርነት የሚባል ነገር አላውቅም።

በ2017 መስከረም ቤይሩት ስትደበደብ ደግሞ የባለቡናዋ ታናሽ እህት እዚያ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። ኅዳር 18 ተኩስ እስኪቆም ድረስ አግዳሚዋ ላይ ስለ ሌላ አገር አላወራንም። ሬዲዮ ሲከፈት እሷ ሲኒ ማጠቧን ታቆም ነበር።

ሻምበል «ስሜን አደባባይ ካወጣኸው ተጣላን» ስላሉኝ ሻምበል ብቻ እላቸዋለሁ። ሆስፒታል ሳለሁም፣ ቤት ከገባሁም በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያቺን ትንሽ ሬዲዮናቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። ሌላው ጠያቂ፣ አይቀየመኝና፣ ፊቴን አይቶ ከንፈሩን ይመጥና ስለ እኔ ከልጄ ጋር ያወራል። መናገር ያቃተው ሰው መስማትም የተሳነው ይመስለዋል መሰለኝ። ሻምበል አንድም ቀን «አይዞህ» አላሉኝም። ወንበሩን ሳብ አድርገው «እሺ፣ የት ነበርን?» ይላሉ።

በመጋቢት የአሜሪካ ድምፅ ሥርጭቱ ሲቋረጥ አማርኛውም አብሮ ዝም አለ። ሻምበል ሬዲዮኑን ወዲያ ወዲህ ጠመዘዙት፣ አንቴናውን መስኮት ላይ ሰቀሉት፣ የለም። ዘወር አሉና «በቃ፣ የአሜሪካም ድምፅ ጠፋ፣ ያንተም ጠፋ። ማን ቀድሞ እንደሚመለስ እናያለን» አሉኝ። በግማሽ ፊቴ ሳቅሁ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ከዚያ በኋላ መሳሳት ጀመሩ።

አንድ ቀን «ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመተው በ1953 ነው» አሉ። በሆዴ፦ አርባ ሦስት ነው እንጂ! በማግስቱ «ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ የተናገሩት ከማይጨው በፊት ነው» አሉ። ማይጨው መጋቢት 1928፣ ጄኔቫ ሰኔ፤ ይህንን የማያውቅ አለ? ሰውዬው አረጁ አልኩ። አዘንኩላቸው። ተጋድሜ የምጎረሰው እኔ፣ ለእሳቸው ማዘኔ! መምህር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ያስተማረ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ አያርማቸውም። ጭራሽ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል። እንዴት እንደተናደድኩ! አፌን እከፍታለሁ፣ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሻምበል እኔን ሳይሆን መስኮቱን እያዩ «ካራማራ ላይ ድል ያደረግነው በስልሳ ዘጠኝ ነው» አሉ።

«ሰባ» አልኩ።

ልጄ ከማድ ቤት ማማሰያውን እንደያዘች ሮጣ መጣች። ሻምበል አልዞሩም። «ስንት አልክ?» «ሰባ።» «ወሩስ?» የካቲትን ለማለት ምን ያህል እንደፈጀብኝ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ጠበቁኝ። ስጨርስ ተነስተው ወጡ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ልጄ አይታቸዋለች። ይህንን መጻፌን ቢያውቁ ይቆጡኛል፤ ይቆጡኝ።

የሶማሊያ ወረራ በሐምሌ 1969 ነው፣ የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970። ከሻምበል በላይ ይህንን ማን ያውቃል? በሃያ ሁለት ዓመታቸው እዚያ ተራራ ላይ ነበሩ። እዚያ ጥለዋቸው የተመለሱ ጓደኞች አሏቸው። በየዓመቱ የካቲት 26 ከአግዳሚዋ ይጠፋሉ፤ የት እንደሚውሉም ጠይቀናቸው አናውቅም። አንድ ቀን ባለቡናዋ ዓመቱን ተሳስታ ብትጠራው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ነው የሄዱት።

ሻምበል፣ በአደባባይ መልእክት እንኳ «እርስዎ» ልበልህ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ እንቢ አለኝ። ኮሪያውንና ጄኔቫውን ተወው፣ እሱ ጨዋታ ነው። ካራማራን ግን በአፍህ ስታሳስት ምን እንዳስከፈለህ ገብቶኛል። ለኔ ስትል ነው። ሌላ ምን እንደምልህ አላውቅም። ይቅር በለኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ ሌሎቹ ይቀየሙናል እኮ» ትላለች። እውነቷን ነው።

ጥበቃችን፣ ቤቴ ውሃ አንድም ቀን አላለቀም። በፈረቃችን ሌሊት ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ሁለት ሁለት እያደረግህ አራት ፎቅ ስትወጣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ኮቴህን እቆጥር ነበር፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁልጊዜ ታርፋለህ። ባለፈው ዓመት በነዋሪዎች ስብሰባ የጥበቃ ደመወዝ ጭማሪ ሲነሳ «ለጊዜው ይቆየን» ብዬ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። አንተም በሩ ላይ ቆመህ ነበር፣ አይተኸኛል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ቀኝ እጄ ካልደረሰልኝ ግራዬን አወጣለሁ።

እህቴ ባለቡናዋ፣ ሐኪሙ ቡና ከለከለው ሲሉሽ አቦሉን በፔርሙዝ አምጥተሽ ክዳኑን ከፍተሽ አፍንጫዬ ሥር ያዝሽልኝ። «ማሽተት አልተከለከለም» አልሽ። ነርሷ እንኳ ስቃ አለፈች።

በሰኔ ደግፋችሁ ባወረዳችሁኝ ቀን ደግሞ እስራኤልና ኢራን ገጥመው ወሬው ሁሉ ሆርሙዝ ነበር። መርከብ ካላለፈ ነዳጅ ምን ይሆናል፣ ሰልፉ የት ይደርሳል ትላላችሁ። እኔ ስልሳ ስድስትን ልነግራችሁ ፈለግሁ። «ታ... ታ...» እያልኩ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ታክሲ ለማለት ነበር። አንድ ሰው አልጨረሰልኝም። ድሮ አንዱ ትንፋሽ ሳይወስድ ሌላው የሚያቋርጥበት አግዳሚ፣ ጀበናው ሲንተከተክ ይሰማ ነበር። ታክሲ ብዬ ስጨርስ መምህር ምንም እንዳልተፈጠረ «አዎ፣ ግን ያኔ ሌላም ምክንያት ነበረ» ብሎ ክርክር ገጠመኝ። ያ ክርክርህ ከመድኃኒቱ በላይ ነው የሠራልኝ፣ መምህር።

ስማችሁን ያልጠራኋችሁ ብዙዎች ናችሁ። ማን እንደጠየቀኝ፣ ማን ምን እንዳመጣ ልጄ ደብተር ላይ ጽፋ ነበር። አጥሚት ፈሰሰበትና ሦስት ገጹ አይነበብም። ጎድጓዳ ሰማያዊ ሳህንና አንድ አረንጓዴ የምሳ ዕቃ ባለቤት አጥተው ቤታችን አሉ፤ የናንተ ከሆኑ ኑና ውሰዱ፣ በዚያውም ፊታችሁን አይቼ ላመስግናችሁ። ከገጹ ጋር የጠፋችሁትን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከውጭ አገር የደወላችሁልኝ፣ መልስ ስላልሰጠሁ ያልሰማሁ አይምሰላችሁ። ሰምቻለሁ።

በመጨረሻ፣ መምህር። ማይጨው ላይ ፊት ለፊት ከመግጠም በሽምቅ መዋጋት ይሻል ነበር ያልከውን አልረሳሁትም። ከመታመሜ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው ያልከው፤ መልስ ሳልሰጥህ ቀረሁ። ስለ መርዝ ጋዙና ስለ አውሮፕላኑ የምለው አለኝ፣ አዘጋጅቼዋለሁ። ቅዳሜ አሥር ሰዓት እወርዳለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፣ እስክጨርስ ጠብቁኝ።

የአራተኛ ፎቁ ባለታክሲ፣ ከጀሞ