ስሟን ጠይቂያት

እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

እሁድ ስትደውዪ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ማሌዥያ፣ ኳላላምፑር ከገባሽ ስምንት ወርሽ። በየጠዋቱ ናሲ ለማክ የምትገዢያት ሴትዮ አለች። ሩዙን በኮኮናት ወተት ቀቅላ፣ ሳምባል የሚሉትን ዳጣቸውን ጨምራ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ትሰጥሻለች። "ማን ትባላለች?" አልኩሽ። "እኔ እንጃ አባዬ፣ እንግሊዝኛ እኮ አትችልም" አልሽኝ።

እና በገዛ አገሯ እሷ ናት ቋንቋ መማር ያለባት? ቋንቋቸውን ተማሪ። ሳትሄጂም ነግሬሽ ነበር።

ወንድምሽ ደግሞ ከሐበሻ ልጆች ሌላ ጓደኛ እንደሌለሽ ነገረኝ። ቡናውም በዓሉም እዚያው። እሱስ ጥሩ ነው፣ ብቻሽን ከምትሆኚ። ግን ለዚያ ከሆነ እዚሁ ሰፈራችን ነበርሽ።

ያንን አገር በጠመኔ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደሣልኩት ታውቂያለሽ። ከታይላንድ በታች የተንጠለጠለው ረጅም ምድር፣ ከዚያ ደቡብ ቻይና ባሕር፣ ከማዶ በቦርኒዮ ደሴት ላይ ሳባህና ሳራዋክ። ኪናባሉ ተራራ 4,095 ሜትር። ተማሪ ሁሉ ይሸመድደው ነበር። ለተማሪዎቼ ያልነገርኳቸው ነፋሱን ነው።

ሜላካ የምትባለውን የወደብ ከተማ ያቆማት ነፋስ ነው። በ1400 ገደማ ከሱማትራ የተሰደደ ፓራሜስዋራ የሚባል ልዑል እዚያ ወንዝ ዳር አረፈ። ሊያድን ወጥቶ ሳለ ጥንቸል የምታክል ሚዳቋ ውሻውን ረግጣ ወንዝ ውስጥ ጨመረችው ይባላል። ድፍረቷን ወዶ ከተማውን እዚያው ቆረቆረ፤ የተደገፈው ዛፍ ሜላካ ይባል ነበርና ስሙን ሰጠው። ከሕንድና ከዓረብ የሚመጣው መርከብ በአንዱ ነፋስ ይገባል። የቻይናው በሌላው። ለመመለስ ነፋሱ እስኪዞር ወራት መጠበቅ ነው። በዚያ ሁሉ ወር ታዲያ ምን ይሠራሉ? ይሸጣሉ፣ ያገባሉ፣ ማላይኛ ይማራሉ። ማላይኛ የዚያ አካባቢ ወደብ ሁሉ መግባቢያ የሆነው እንዲህ ነው።

ፖርቱጋሎች ሜላካን በ1511 ያዟት። ብዙም ሳይቆይ ቶሜ ፒሬስ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ እዚያ ደርሶ፣ በወደቡ 84 ቋንቋ ይሰማ እንደነበር ጻፈ። ከነጋዴዎቹ መካከል ማንን እንደቆጠረ ታውቂያለሽ? ሐበሾችን። ይህን ሳነብ ብቻዬን ተነሥቼ ቤቱን ዞርኩት። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የኛ ሰው እዚያ ቆሞ ነበር። ተማሪ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሩቅ ቋንቋ እንዳይመስልሽ። ዱኒያን ዱኒያ ነው የሚሉት። ወቅትን ዋክቱ። ከዓረብ ለእነሱም ለእኛም ደርሶን ነው። "ተሪማ ካሲህ" ደግሞ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ "ፍቅርን ተቀበል" እንደማለት ነው። እስኪ ይቺን ነገ ጠዋት በያት።

ሌላው። "ማላዮቹ እንዲህ ናቸው፣ ቻይናዎቹ እንዲያ ናቸው" ስትዪ ሰማሁሽ። ደግሜ እንዳልሰማ። በእንግሊዝ ዘመን ቻይናውን የቆርቆሮ ማዕድን፣ የደቡብ ሕንዱን ታሚል የጎማ እርሻ ነው ያመጣው። ከሁሉም በፊት የምድሩ ነባር ሕዝቦች፣ ኦራንግ አስሊዎቹ፣ ነበሩ። አንቺ ባለሽበት ከተማ በግንቦት 1969 በማላይና በቻይና መካከል ደም ፈስሷል። ሰዎቹ አብረው ለመኖር ምን እንደከፈሉ ሳታውቂ አትፍረጂ።

እናቴ፣ አጋሮን አንስቼልሽ አላውቅም። የመጀመሪያ ምድቤ ነበር። ሦስት ዓመት ኖርኩ። ጎረቤቴ የአብዲ እናት በየማለዳው እርጎ በጣሳ ያመጡልኝ ነበር። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ። ኦሮምኛ አልተማርኩም። ዛሬ ነገ ስል፣ ደግሞም አስተማሪ ነኝ ብዬ። የተዛወርኩ ዕለት አውቶቡሱ ድረስ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ነገር ነገሩኝ። እያለቀሱ። ከዚያ ሁሉ የገባችኝ አንዲት ቃል ናት፣ "ኢልማኮ"። ልጄ ማለት ነው። ሌላውን አላውቀውም። ዘግይቼ ስማር፣ አጋሮ ተመልሼ ስሄድ፣ አርፈዋል። ምን ብለውኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ስማቸውን እንኳ የሰማሁት ያኔ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ነው።

ለዚህ ነው ተማሪ፣ ተማሪ የምልሽ። አትቆጪኝ።

መንገድ ስትሻገሪ መጀመሪያ በቀኝሽ እይ፤ መኪናው በግራ ነው የሚሄደው። ክፍል ውስጥ ኤሲው ይጎዳሻል፣ ሹራብ አይለይሽ። የማንንም ሻንጣ ይሁን ፖስታ፣ ሐበሻም ቢሆን፣ አድርሺልኝ ቢልሽ እንዳትቀበዪ። እዚያ በአደንዛዥ ዕፅ የሚያዝ ሰው ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ስትቀበዪም ስትሰጪም በቀኝ እጅሽ።

አንድ ቅዳሜ ሜላካ ሂጂ። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ወንዙ ዳር ቁሚና ፎቶ ላኪልኝ።

በእኛ ማታ አንድ ሰዓት ስትደውዪ ባንቺ እኩለ ሌሊት ነው፤ ከእንግዲህ ከሰዓት አድርጊው፣ እኔ ቤት ነኝ። በርበሬው በአክስትሽ ልጅ በኩል ይመጣል። ትንሽ ቆንጥረሽ ለሴትዮዋም ውሰጂላት፣ ከሳምባሏ ጋር ታስተያየው።

እሁድ ስትደውዪ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስሟን ነው።

አባትሽ