«የመከላከያ አቅም» ስለሚባለው ነገር፣ ከኮምቦልቻ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጎረቤቴ በአንድ እጇ የጤና ገጻችሁን፣ በሌላው አንድ ብልቃጥ ማር ይዛ ቤቴ ገባች። ማሩ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተወቅጦ ገብቶበታል። «ጋሼ፣ ይኸው ጋዜጣው ሳይቀር ጻፈው። ለልጅቱም ለወንድምዎም ይሆናል» አለችኝ። ርዕሳችሁ «የመከላከያ አቅምዎን ያሳድጉ፤ ካንሰርንና የልብ ሕመምን ያሸንፉ» ይላል።

ማሩን ተቀበልኩ። ሰው አስቦ ያመጣው ነገር አይመለስም። ርዕሱን ግን ልመልስላችሁ ነው።

ጎረቤቴ ጥፋት የለባትም። የጻፋችሁትን ነው የተረዳችው። ከርዕሱ በታች ሰውነታችንን ከበሽታ ስለሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች የተጻፈው መልካም ነበር፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን ብዙ ሰው የሚያነበው ርዕሱን ነው። «መከላከያ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል መሰለኝ። እዚህ አገር መከላከያ ሲባል ቶሎ የሚታየን ወታደር ነው፤ ወታደር ደግሞ ይጨመር እንጂ ይቀነስ የሚል የለም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። 31 ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ማሽን ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሆኖም በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሕመምተኞች አሉኝ። ልጄ ልቧን ትታመማለች። ታናሽ ወንድሜ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ይዞት ታክሟል። በእነሱ ምክንያት ስለ ነጭ የደም ሴል ያልጠየቅሁት ሐኪም፣ ያላነበብኩት ወረቀት የለም።

በወንድሜ ልጀምር። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከመንጋጋው ሥር ንፍፊት ወጣበት። አያመውም። ማታ ማታ ግን ላብ ያጠምቀዋል፣ ሱሪው እየሰፋው መጣ። አንድ የጤና ተቋም «የዕጢ ቲቢ ነው» ብሎ መድኃኒት አስጀመረው። በግምታቸው አልፈርድም፤ በአገራችን አንገት ላይ ያበጠ ዕጢ ብዙ ጊዜ ቲቢ ሆኖ ይገኛል፣ ምልክቱም ይመሳሰላል። ቅር ያለኝ ናሙና ሳይወሰድለት 6 ወር ሙሉ ኪኒን መዋጡ ነው። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ንፍፊቱ ሦስት ሆኗል። ያኔ ሌላ ቦታ ወሰድነው። በመርፌ የሚመጠጠው ለዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ አይበቃም ብለው አንዱን ዕጢ ሙሉውን በቀዶ ሕክምና አወጡት። ውጤቱ ሆጅኪን ሊምፎማ ሆነ። ቶማስ ሆጅኪን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1832 እ.ኤ.አ. የገለጸው በሽታ ነው፤ ስሙም በሱ ቀረ። እናታችን ስሙን መያዝ አቃታት። «ነቀርሳ ነው በሉኝና አብሽር ልበለው» አለች። ድሮ ቲቢውም የሳንባ ነቀርሳ፣ ካንሰሩም ነቀርሳ ነበር። ሁለቱን መለየት ያቃተው የድሮ ሰው ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ሊምፎማ ማለት ራሱ ነጭ የደም ሴሉ ካንሰር ሲሆን ነው። ጠባቂው ነው ሌባ የሆነው። ታዲያ «መከላከያዎን ያሳድጉ» ስትሉ የትኛውን?

ከዚህ የባሰ የሚገርም ነገር አለ። የወንድሜ ሐኪም እንደነገረችን፣ በሆጅኪን ያበጠ ዕጢ ውስጥ እውነተኛው የካንሰር ሴል ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆን ነው። ቀሪው ጤነኛ ነጭ የደም ሴል ነው። ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ ለቀስተኛ ካንሰሩን ከቦ ይውላል፤ አንዱም ተነስቶ አይነካውም። እንዲያውም አንዳንዱ ካንሰሩ የሚያድግበትን ምልክት ይልክለታል። ስለዚህ ችግሩ የቁጥር አይደለም። ሰው ሞልቷል።

ለምን እንደማይነኩት የገባኝ በማሽኔ ነው። በሽመና ማሽን እያንዳንዱ የድር ክር ላይ ቀጭን ብረት ይንጠለጠላል። ክሩ ሲበጠስ ብረቱ ይወድቃል፣ ኤሌክትሪኩን ያገናኛል፣ ማሽኑም ይቆማል። አንዳንዴ ግን ብረቱ ይጣመምና ክር ሳይበጠስ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ጀማሪ እያለሁ እንዲህ በውሸት የሚቆም አንድ ማሽን አናደደኝና ማቆሚያውን ነቅዬ አስነሳሁት። ማሽኑ እንደ ጉድ ሠራ። በማግስቱ አለቃዬ ጠርቶ 40 ሜትር የተበላሸ ጨርቅ እግሬ ሥር ዘረጋው። ድሩ ተበጥሶ ማጉ ብቻ ነበር የሚሮጠው።

ነጭ የደም ሴልም እንዲህ ያለ ማቆሚያ አለው። አንዱ ፒዲ ዋን ይባላል፤ ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. ያገኙት ነው። የሆጅኪን ሴል ይህን ማቆሚያ ይጫነዋል። ከጎኑ ያለው ጤነኛ ሴል በውሸት ይቆማል። ይህን መጫን የሚከለክል ኒቮሉማብ የሚባል መድኃኒት፣ ሕክምና አልፎባቸው በሽታው ለተመለሰባቸው የሆጅኪን ሕመምተኞች በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሆንጆም ሌላ ማቆሚያ ላይ ከሠራው ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወሰደ። እናንተም ይህን ጽፋችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ።

የዘለላችሁት ቀጥሎ ያለውን ነው። መድኃኒቱ በተፈቀደበት በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. የሁለት ሕመምተኞች ታሪክ ታትሞ ወጣ። የቆዳ ካንሰር ነበረባቸው፤ ሁለት ዓይነት ማቆሚያ የሚነቅል መድኃኒት አንድ ላይ ተሰጣቸው። ነጭ የደም ሴሎቻቸው የልብ ጡንቻቸውን ወረሩት። ሁለቱም ሞቱ። እንዲህ ያለ ጉዳት የሚደርሰው ጥቂት ሰው ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ያቆየው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ሳነበው ያ 40 ሜትር ጨርቅ ነው ትዝ ያለኝ።

ወንድሜ የወሰደው አዲሱን ሳይሆን የቆየውን ኬሞ ነው፤ አዲስ አበባ፣ በየ15 ቀኑ ለ6 ወር። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ቀይ ነው፣ ዶክሶሩቢሲን ይባላል። እሱን ከመጀመራቸው በፊት ልቡን በአልትራሳውንድ አዩት። «አንገቱን ታሞ ልቡን ለምን?» ብዬ ተከራከርኩ። ቀዩ መድኃኒት ሲጠራቀም የልብ ጡንቻን ይጎዳል፤ አንድ ሰው በሕይወቱ ሙሉ ሊወስድ የሚችለው መጠን የተወሰነ ነው አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ሥራው ላይ ነው፤ ሱሪው ደግሞ ጠቦታል።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ይህ ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ።

በ2012 ዓ.ም. 11 ዓመቷ ነበር። ጉሮሮዋን አመማት፣ አተኮሳት። እናቴ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ትቆረጥ» አለች። እኔና ባለቤቴ እንቢ አልን። በጨው ውኃ አጉመጠመጥናት፣ በአራተኛው ቀን ተሻላት። እንጥል አላስቆረጥንም ብለን ኮራን። ጤና ጣቢያ ግን አልወሰድናትም። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ክርኗ። «ቁርጥማት ነው» ተባለና በቅቤ ታሸች። ትንፋሽ ሲያጥራት ነው የደነገጥነው። ደሴ ስንወስዳት የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ድረስ ጭኔ ላይ ተኝታ ታለከልክ ነበር። «አባዬ፣ ሚኒባሱ ቆሞ እንኳ ልቤ ይሮጣል» አለችኝ።

ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው አሉን። ጉሮሮዋን ያመማት ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። ነጭ የደም ሴሎቿ ባክቴሪያውን ተዋጉት። ነገር ግን የባክቴሪያው አካል ልብ ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል። ባክቴሪያው ካለቀ በኋላ ሴሎቿ መልኩን የሚመስለውን ሲያዩ የራሷን ልብ ያዙት። በግራ በኩል ያለው የልቧ በር፣ ቫልቭ የሚሉት፣ ጠባሳ ይዞ በደንብ አይዘጋም። የመከላከያ አቅም አንሷት አይደለም። ያላት ነው የጎዳት።

መድኃኒቷ ምን መሰላችሁ? አዲስ ነገር አይደለም፤ የቆየ መድኃኒት ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ በየ4 ሳምንቱ አንድ መርፌ። ልቧን አይጠግንላትም፤ ባክቴሪያው ጉሮሮዋ ላይ ዳግም እንዳያርፍ፣ ሴሎቿም ዳግም እንዳይነሱ ነው። እስከ 40 ዓመቷ ሊቀጥል ይችላል ተብለናል። መርፌው እንደ እሾህ ያማል፤ አንዲት ነርስ መድኃኒቱን በመዳፏ አሙቃ ቀስ አድርጋ ትወጋታለች፣ አላህ ይስጣት። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ውስጥ ሳለ አንድ መርፌ አመለጣት። በዚያ ወር ከተኩሱ እኩል የፈራሁት ጉንፋን የያዘውን የጎረቤት ልጅ ነበር።

ስለ አዋቂዎች ልብም አንድ ነገር ልጨምር። የደም ሥር የሚዘጋው በስብ ብቻ ይመስለን ነበር። ነጭ የደም ሴሎች የደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ገብተው ስቡን እየዋጡ ያብጣሉ፤ ያ ቦታ ይቆጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ደም ይረጋበታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ አንድ ጥናት ነበር፤ ሃርት አታክ ይዟቸው በተረፉ 10,061 ሰዎች ላይ የተሠራ። ካናኪኑማብ የሚባለው መድኃኒት ኮሌስትሮልን አልነካም፣ ቁጣውን ብቻ ቀነሰ። በመካከለኛው መጠን ዳግም ሃርት አታክ፣ ስትሮክ ወይም በልብ ሕመም መሞት 15 በመቶ ቀነሰ። በሌላ በኩል በኢንፌክሽን የሞተው ሰው በዛ። አያችሁ? መከላከያው ተቀንሶ ልብ ተጠቀመ፣ ሌላው አካል ተጎዳ። ይህን «ያሳድጉ» በሚል ርዕስ ሥር የት ታስገቡታላችሁ?

ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያለው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አይጥ ላይ የሠሩትን ልንገራችሁ። ለሊምፎማ ነጭ የደም ሴልን ካንሰሩን እንዲለይ ቀይሮ መልሶ መስጠት የተለመደ ሆኗል። እነሱ ያንኑ ዘዴ ወስደው ሴሉ የልብ ጠባሳ የሚሠሩትን ሴሎች ለጥቂት ቀን ብቻ እንዲያድን አደረጉት፤ የአይጦቹ ልብ ተሻለው። አይጥ ነው፤ ልጄ አይጥ አይደለችም። ስነግራት ግን «ለጥቂት ቀን ብቻ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። በ2025 ደግሞ ኖቤሉ የተሰጠው ሌሎቹን ሴሎች «ተው» የሚሉ ሴሎችን ላገኙ ሦስት ተመራማሪዎች ነው። የወሎ ሽማግሌ በሰውነታችን ውስጥም አለ ማለት ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ርዕሱን አርሙልኝ፤ ስሕተቱ በወጣበት ፊደል ልክ እንጂ በታችኛው ጥግ አይሁን። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊትም ልጁን ጉሮሮ ሲያመውና ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ውሰዱት ብላችሁ ጻፉ፤ በጊዜ የተሰጠ ፔኒሲሊን ልጄን ባዳናት ነበር። የማያምም ንፍፊት ሳምንታት ቆይቶ ካልጠፋ ደግሞ ሰው «ናሙና ይወሰድልኝ» ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ይወቅ። ወንድሜ መጠየቅ እንደሚቻል አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር።

ስሜን ለዝግጅት ክፍላችሁ ጽፌያለሁ፤ ልጄ ትምህርት ቤት እንዳይጠቋቆሙባት አታውጡት።

ማሩን ከሻይ ጋር ጨርሰነዋል። ነጭ ሽንኩርቱ በዛ እንጂ ጥሩ ማር ነበር።

ጡረተኛ የሽመና ማሽን ጠጋኝ
ኮምቦልቻ