ሙዙን ሙዝ፣ ቅቤውን ቅቤ በሉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ጡረታ የወጣሁ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የምግብና የንጽሕና ተቆጣጣሪ ነኝ። ሰሞኑን «ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ተያዘ፣ ተወገደ» የሚለውን ዜናችሁን አነበብኩ። ፎቶው ላይ ጉድጓድ አለ፣ አካፋ አለ፣ ነጭ ጋወን የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። እኔም በዘመኔ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ ፎቶ ተነስቻለሁ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አስቀድሜ የቤቴን ጉድ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ለፋሲካ ብላ ሁለት ኪሎ ቅቤ ገዛች። ሻጩ የኮባ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ «እማዬ፣ ለጋ ነው፣ ያሽትቱት» አላት። ልብ በሉ፣ ይቅመሱት አላለም። ሑዳዴ ነዋ! ጾመኛ ቅቤ አይቀምስም፣ ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። በእጅ ይዞ መለየትም የኛ አገር ብርድ አይፈቅድም። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠዋት የፓልም ዘይት እንኳ ጀሪካን ውስጥ ረግቶ ያድራል፣ ፀሐይ ላይ ሳናወጣው አይቀዳም። እና ቅቤ ይሁን ዘይት፣ ሁሉም ጠጠር ብሎ ያምራል።

ቅዳም ሥዑር ጠዋት ድስቱ ተጣደ። ኮሰረቱና ኮረሪማው ገባ። አረፋው አልበርድ አለ። ቆየት ብሎ ወጥ ቤቱን የጁስ ቤት ሽታ ሞላው። ድስቱ ሥር እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ጥቁር ነገር ተጋግሯል፤ ሙዝ ነበር። ላዩን ቀድተን አቀዘቀዝነው። ሲረጋ ነጭ፣ የቅቤ ሽታ የሌለው፣ እንደ ሻማ ያለ ነገር ወጣው። ባለቤቴ ዞራ አየችኝና «ሠላሳ ዓመት የሰው ምግብ ስትመረምር ኖረህ» አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ያኔ ኮሌጅ ሳለን መምህራችን ያጫወቱን ታሪክ ትዝ አለኝ። ሃርቪ ዋይሊ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ዋና ኬሚስት ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ነጋዴ ሥጋው እንዳይሸት ቦራክስ የሚባል ኬሚካል ይነሰንስበታል። ወተቱ እንዳይበላሽ ፎርማሊን ጠብ ያደርግበታል። ፎርማሊን ማለት እኛ ሬሳ እንዳይፈርስ የምናደርገው ነው። ዋይሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ከምክር ቤቱ 5,000 ዶላር አስፈቀደና ዋሽንግተን በሚገኘው መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ገበታ ዘረጋ። አሥራ ሁለት ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ቀረቡ። ምግቡ ነፃ ነው፣ ግን መርዝ አለበት። ከመብላታቸው በፊትም በኋላም ይመዘናሉ፣ ይመረመራሉ። ጋዜጦች «የመርዝ ጓድ» አሏቸው።

ዋይሊ ቦራክሱን መጀመሪያ የደበቀው የት መሰላችሁ? ቅቤ ውስጥ! ወጣቶቹ ነቁና ቅቤውን መተው ጀመሩ። ሌላ ምግብ ውስጥ ቢከተው ያንንም ሸሹት። በመጨረሻ መደበቁን ተወና በእንክብል አድርጎ በግልጽ አስዋጣቸው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። ሰውየው ራሱ መደበቁን ትቶ፣ የሚደብቁትን አጋለጠ።

ዋይሊ የታገለለት የምግብና የመድኃኒት ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1906 ነው፣ በኛ ሰኔ 23 ቀን 1898 መሆኑ ነው። ያኔ የአንጎለላው ልጅ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ነበሩ። ፈራሚው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ስኪነር የሚባል መልእክተኛ ወደ ምኒልክ የላከው ያው ሰውዬ ነው። ያንን ሕግ በፈረመበት ቀን የሥጋ ምርመራ ሕግም ፈርሟል። ለሥጋው ነገር ሕዝቡን ያንጨረጨረው የአፕተን ሲንክሌር ልብ ወለድ ነው፣ የቺካጎን የሥጋ ፋብሪካዎች ገመና አውጥቶ። ሩዝቬልት አላመነም፣ የራሱን ሁለት መርማሪዎች ላከ። እነሱም ጉድ አይተው ተመለሱ።

የምግብና የመድኃኒቱ ሕግ የጠየቀው ነገር ግን ቀላል ነው። የምትሸጠውን በስሙ ጥራ። ሌላ ነገር ቀላቅለህ በንጹሑ ስም አትሽጥ። መድኃኒትህ ውስጥ አልኮል ወይም ሞርፊን የሚባለው አደንዛዥ ካለ ብልቃጡ ላይ ጻፍ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ በዚያ ዘመን የሚያለቅስ ሕፃን ማስተኛ ሽሮፕ ውስጥ ሞርፊን ነበረ።

የቅቤውን ነገር ደግሞ አሜሪካኖቹ አበላሽተውታል፣ እሱንም ልንገራችሁ። ማርጋሪን፣ ማለትም ቅቤ መሰሉ ሰው ሠራሽ ቅባት፣ በርካሽ መሸጥ ሲጀምር ወተት አምራቾቹ ጮኹ። እ.ኤ.አ. በ1902 በወጣ ሕግ፣ ቅቤ እንዲመስል ቢጫ ቀለም በተነከረ ማርጋሪን ላይ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 10 ሳንቲም ቀረጥ ተጣለ፣ ነጩ ግን ሩብ ሳንቲም ብቻ። ነጋዴው ምን አደረገ? ነጩን ሸጠ፣ ቀለሙን በትንሽ ከረጢት ለብቻው ሰጠ። እናቶች ቤታቸው ያሹት ጀመር። ቀረጡ እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ቆየ። ማጭበርበር ለመከልከል የተጀመረው ነገር መጨረሻው ድሃው ርካሽ ቅባት እንዳያገኝ ማድረግ ሆነ። የአትክልት ቅቤ የሚገዛ ሰው ወንጀለኛ አይደለም። የኪሱን ያህል ነው የሚገዛው። ለእውነተኛ ቅቤ ከፍሎ እሱን የሚያገኘው ነው የተበደለው።

ሕግ የለንም ማለቴ አይደለም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን። እኔ ያጣሁት ሌላ ነው። በአንድ ወቅት አንድ ማምረቻ እንድንፈትሽ ታዘዝን። መኪና የለም። ሁለት ቀን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን መኪና መጣ። የላከልን ማን ነው? ባለ ማምረቻው! ነገ እየመጣን ነው ብሎ የነገረው ሰው ነበር ማለት ነው። ስንደርስ ወለሉ ታጥቦ እንደ መስታወት ያበራል። ምሳም ቀርቧል። እኔ አልበላሁም፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ፈርሜያለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ያሳክከኛል። አሜሪካኖቹ የሥጋውን ሕግ ሲያወጡ የምርመራው ወጪ ከመንግሥት ካዝና እንዲከፈል፣ በየዓመቱም 3 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብለት ያደረጉት ወደው አይመስለኝም።

ሴቶቹንም መርሳት ነውር ነው። በመላው አሜሪካ የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ከዚያ ስንት ዓመት ቀድመው ግን የሴቶች ክበቦች ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ያዥጎደጉዱ ነበር። ከኒው ጀርሲዋ ክራንፎርድ የተነሳችው አሊስ ሌኪ ከዋይሊ ጋር ሆና እየዞረች ትቀሰቅስ ነበር። የኛ ሴቶች ዕድር ድንኳንና ብረት ድስት ቆጥሮ ሲረከብ አይቻለሁ። አንዲት ማንኪያ አትጠፋም። ቅቤን አብሮ አስመርምሮ መግዛት እንዴት ያቅተዋል?

እንግዲህ ጉድጓዱን ተዉትና እኔ የምለውን ስሙኝ። ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ቅቤ ተራው መግቢያ፣ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ። አንድ ምድጃ፣ አንድ ትንሽ ድስት፣ ጥቂት ብርጭቆ። የገዛ ሰው የማንኪያ ጫፍ ያህል ያቅልጥ። እንደ ላቦራቶሪ አይሆንም፣ ሙዙን ግን ያጋልጣል። ተቀላቅሎ የተገኘው አይቀበር፣ «የተቀላቀለ» ተብሎ ይጻፍበትና በዋጋው ይሸጥ። ያንን ጽሑፍ የሚያነሳ ሻጭ ግን ይከሰስ። ያለ አበል እኔ ራሴ እቀመጣለሁ። ምድጃውንም ከቤት አመጣለሁ።

ድስቱን ግን ሌላ ሰው ያምጣ። የኛው እስካሁን አመድ ተሞልቶ ውጭ ተዘፍዝፏል፣ ሙዙ አልለቅ ብሏል።

ጡረተኛው ሳኒታሪያን
ከደብረ ብርሃን