ዲስክ የሚለካ ፕሮግራምም መታደስ አለበት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የኢንተርኔት ፓኬጅ ስለመቆጠብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። እኔም ወሩ ሳይጋመስ ፓኬጅ የሚያልቅብኝ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ጸሐፊው ትንንሽ ፕሮግራሞችን አንዴ ከጫንን በኋላ ማደስ አያስፈልግም ብለዋል። ለምሳሌ ያነሱት ደግሞ የሃርድ ዲስካችንን ቦታ የትኛው ፎልደር እንደያዘው የሚያሳዩትን ነው። ፋይል መደመር ያው መደመር ነው፣ ምን ይለወጣል በሚል ነው። እኔ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ሳላድሰው በመቅረቴም የሰው ንብረት ሊጠፋ ነበር። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ዘመዴ ዲስኩ ቶሎ ቶሎ እየሞላ አስቸግሮት ጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ያሉት ልጆች አማርኛ ሜኑ ያለው ነገር ፈለጉ። እኔም ማታ ማታ እየሠራሁ በአንድ ወር ጨረስኩላቸው። እያንዳንዱ ፎልደር በሳጥን ይሳላል። ብዙ ቦታ የያዘው ሳጥኑ ይተልቃል። ልጆቹ አንድ ጊዜ አይተው ገባቸው። ደስ አለኝ፣ ከዚያ በኋላም አልነካሁትም።

ሁለት ዓመት ያህል እንዳለፈ ቢሮው የደመና ማከማቻ መጠቀም ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋይሉ ፎልደሩ ውስጥ ይታያል፣ ስሙም መጠኑም አለ። ይዘቱ ግን ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ዲስኩ ላይ የቀረው ምልክቱ ብቻ ነው። የኔ ፕሮግራም ፋይሉን መጠንህ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ እዚህ ዲስክ ላይ ስንት ይዘሃል ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ 500 ጊጋባይት በሆነ ዲስክ ላይ ድምሩን ከ700 በላይ አድርጎ ያሳይ ነበር። ድምሩን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ሳጥኖቹን ነው።

አንዱ ልጅ ትልቁን ሳጥን አይቶ አጠፋው። የአንድ ሠርግ ያልተቆረጠ ቪዲዮ ነበር። ዲስኩ ላይ የተለቀቀ ቦታ አልነበረም፤ መጀመሪያም እዚያ አልነበረማ! ከዚህ ሲጠፋ ግን ደመናው ላይ ያለውም አብሮ ይጠፋል። ያልተቆረጠ ቪዲዮ ምን ዋጋ አለው የሚል ሰው ይኖራል። ዘመዴን ጠይቁት። ከስንት ዓመት በኋላ አባት ወይም እናት ሲያርፉ ቤተሰብ ይመጣል። እስክስታ ሲወርዱ፣ ሲመርቁ የተቀረጹትን፣ ለአልበሙ ያልገባውን ይጠይቃል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የደመናው ቆሻሻ ቅርጫት የተጣለውን 30 ቀን ያቆይ ስለነበር ደርሰን መለስነው።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ፕሮግራሙ የነገረውን አምኖ ነው። ፕሮግራሙን ስጽፍ ትክክል የነበረው ቁጥር ቆይቶ ውሸት ሆነ። እኔ ምንም ሳልነካ፣ ከስሩ ያለው ዲስክ ተለወጠ።

ደግሞ መደመሩ ራሱ ቀላል አይደለም። ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የሚሰጠው በ4 ኪሎባይት በ4 ኪሎባይት እየቆረጠ ነው። 5 ኪሎባይት የሆነ ፋይል 8 ይይዛል። አንድ ፋይል በሁለት ስም ሁለት ቦታ ሊታይም ይችላል። ዲስኩ ላይ ያለው ግን አንድ ጊዜ ነው። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም ሁለቴ ይቆጥረዋል። የዊንዶውስ የራሱ ሲስተም ፎልደር ውስጥ እንዲህ ያሉ ፋይሎች በብዛት ስላሉ፣ ሰው እውነት መስሎት እዚያ ገብቶ ማጥፋት ይጀምራል። የማይክሮሶፍት የደመና ማከማቻ በሆነው በዋንድራይቭ ላይ ደግሞ በስም ብቻ የሚታዩት ፋይሎች አሁን ባላቸው መልክ የመጡት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ፕሮግራም ስለነሱ ከየት ያውቃል?

የሳጥኑ ስዕል ራሱ የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 14 ሰዎች የሚጋሩት 80 ሜጋባይት ዲስክ ሞላ። ፕሮፌሰር ቤን ሽናይደርማን ቦታውን የበላው ማን እንደሆነ በአንድ ዓይን ለማየት ብለው ስክሪኑን በሳጥን ከፋፈሉት። ዛሬ 80 ሜጋባይት አጭር የስልክ ቪዲዮ ነው። እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም በሆነው በሊኑክስ ላይ ዲስክ የሚለካው ኬዲርስታት ያንን ሐሳብ ተከትሎ መጣ። ከሱ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ለዊንዶውስ ዊንዲርስታት ተሠራ። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም አይቶ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ዋጋም የለውም። ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1.1.2 እትሙ ነው፣ እሱም ከ15 ዓመት በላይ እንዳለ ቆየ። 2.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አሁን ሥራውን ለብዙ የፕሮሰሰር ኮሮች (እኩል ለሚሠሩ የኮምፒውተሩ ማስሊያ ክፍሎች) እያከፋፈለ ስለሚቆጥር ፍጥነቱ ከበፊቱ ጋር አይገናኝም። ኤንሲዲዩ የሚባለውን ዲስክ የሚለካ የሊኑክስ ፕሮግራም ደግሞ ባለቤቱ ለ2.0 እትም በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፈው። ሚሊዮን ፋይሎች ሲቆጥር የሚበላውን ሚሞሪ ለመቀነስ ነበር። እነዚህ ሰዎች ጌጥ እየጨመሩ አይደለም። ዲስኩ ስለተለወጠ መለኪያውን እያስተካከሉ ነው።

እኔም ከዚያ በኋላ የራሴን አደስኩ። ሌላ ጊዜ ሳልመለከተው ያለፍኩትን አንድ ነገር ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ በጣም የሚጠቅመውም እሱ ይመስለኛል። ቢሮው ውስጥ «ሠርግ» የሚል ፎልደር አለ፣ «ሰርግ» የሚልም አለ። አንዱ ልጅ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ይጽፋል። ለኛ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ፍጹም የተለያዩ ስሞች ናቸው። ተመሳሳይ ቪዲዮ ሁለቱም ውስጥ ተቀምጦ ቦታ ይበላ ነበር። «ፀጉር» እና «ጸጉር»፣ «ዓለም» እና «አለም»ም እንዲሁ። አሁን ፕሮግራሙ ሞክሼ ፊደላትን እያመሳሰለ እነዚህ ሁለት ፎልደሮች አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ጎን ለጎን ያሳያል። አያጠፋም፣ ያሳያል ብቻ። ሌላም አለ። ሊኑክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አያልፍም። አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ረጅም ስም መስጠት የሚወድ ሰው 85 ፊደል ላይ ይቆማል። ይህን ውጭ አገር ያለ ፕሮግራመር እንዲያስብልን መጠበቅ የለብንም። ክፍት ኮድ ያላቸው ፕሮግራሞች ላይ አማርኛ የምናውቅ ልጆች ገብተን ብንሠራ ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ስለ ፓኬጁ ጭንቀት ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው። እኔ የምለው ሁሉም ሰው ለየብቻው ያውርድ አይደለም። ዊንዲርስታት ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። አንድ ሰው ከሠሪዎቹ ገጽ ያውርደው፣ ለቢሮው በፍላሽ ያዳርሰው። ከማይታወቅ ቦታ የተገኘ የቆየ ቅጂ ግን ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። ፕሮግራሙ የሚያሳየው ድምር ከዲስኩ ከበለጠም ምንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ቁሙ።

አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው እትም ይህቺን ነጥብ ብታስተካክሉልኝ። የፎቶ ክፍላችሁም የብዙ ዓመት ፎቶ ማኅደር እንዳለው እገምታለሁ፤ ያለ ሠ እና ሰ ጣጣ የተቀመጠ አይመስለኝም። ከፈቀዳችሁ ፕሮግራሙን ከነኮዱ በፍላሽ ይዤ እመጣና አብረን እናየዋለን። ለናንተም ለኔም ይጠቅማል፤ እኔ እስካሁን የሞከርኩት የሠርግ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጀሞ፣ አዲስ አበባ