ሥራ በዛብኝ ማለትም ስንፍና ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰሞኑን በአንባቢያን ዓምዳችሁ የወጣ አንድ ደብዳቤ ብዕር እንዳነሳ አደረገኝ። ጸሐፊው እንደሚሉት ሕዝባችንን ያሰነፈው የበዓል ብዛት ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እየተባለ ሥራ ይፈታል፤ ክርስትናችንን ለስንፍና ሰበብ አደረግነው ይላሉ። በግማሹ እስማማለሁ። ትልቁ ስንፍና ያለበትን ቦታ ግን ያዩት አልመሰለኝም።

እኔ ሸማኔ ነኝ፤ የምሠራው ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ከዶርዜ መጥቶ እዚሁ እንጦጦ ግርጌ ሲሸምን ኖሯል። መወርወሪያ ያስያዘኝም እሱ ነው። በምንሠራበት ግቢ ብዙ ነን፤ ሽማግሌም ወጣትም አለ። ስለዚህ ስለ ሥራም ስለ ስንፍናም የማወራው የማየውን ነው።

የምስማማበትን ላስቀድም። በሚካኤል ቀን ግቢያችን ጸጥ ይላል። እጁን ሥራ ላይ የሚያሳርፍ የለም። ጠዋት ኪዳን ላይ ስደርስ ግን ከግቢያችን ልጆች የማገኘው አንድ ሁለቱን ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ስመለስ ሌሎቹ ገና ከእንቅልፍ እየተነሱ ነው። ከሰዓት ፑል ቤት ናቸው፤ ማታም እዚያው ናቸው። ይህ በዓል ማክበር አይደለም። በበዓል ሥራ የሚተወው ለማስቀደስ፣ ለመጸለይ፣ የታመመ ለመጠየቅ፣ ለነዳያን ለመስጠት ነው። ሥራውንም ሳይሠራ፣ ቅዳሴውንም ሳያስቀድስ የዋለ ሰው የመልአኩን ስም ለእንቅልፉ ተጠቅሞበታል።

ሐዋርያው ጳውሎስ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ያለው ሥራ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነው ወንጌልን የሰበከው። እኛ የእጅ ሥራ ሰዎች ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል። ምክንያቱም በዚሁ በክርስቲያን አገር ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ስለባሰ ነው። ጾሙን ጾሞ፣ ቅዳሴውን አስቀድሶ፣ ጎረቤቱን በሙያው የሚንቅ ሰው ስለ ትጋት ምን ያህል ገብቶት እንደነበር እንጃ።

እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ስንፍና ማለት ሥራ መፍታት ብቻ ከሆነ ግን፣ በሁዳዴ እኛ ግቢ ስንፍና የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ትእዛዝ የሚጎርፈው ያን ጊዜ ነዋ! ለፋሲካ የሚለበስ ቀሚስ፣ ባልና ሚስት የሚለብሱት አንድ ዓይነት ጥለት፣ ለእናት የሚወሰድ ነጠላ። እስከ ሌሊት መብራት አይጠፋም። ያ በሚካኤል ቀን ተኝቶ የዋለው ልጅ ሳይቀር ዓይኑ ቀልቶ ይሠራል። ታታሪ ሆነ ይባልለታል። «ጸሎትስ እንዴት ነው?» ብትሉት ግን መልሱ የታወቀ ነው። «ኧረ ሥራ በዝቶ! የት ጊዜ አለ?» ነጋዴዋም፣ ሾፌሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም ይህንኑ ይላሉ። እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን እናልፋለን። እንዲያውም እናዝንላቸዋለን። እኔ ግን ከሁሉ የከፋው ስንፍና ይሄ ይመስለኛል፤ ስንፍና ስለማይመስል።

የዐቢይ ጾም 6ኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል። የመክሊቱ ምሳሌ የሚነበበው በዚያ ቀን ነው። አምስት የተቀበለው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለው ሁለት አተረፈ፤ አንድ የተቀበለው ቀበረው። ጌታውም «አንተ ክፉና ሃኬተኛ ባሪያ» አለው። ሃኬተኛ ማለት ሰነፍ ማለት ነው። ዘንድሮ ሲነበብ ስለዚህ ሰው ማሰብ ያዝኩ። ገንዘቡን አልሰረቀም። አልጠጣበትም። አንድ ሳያጎድል መለሰው። ደግሞም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ለመቅበር መሬት መቆፈር አለበት። መቆፈር ላብ ያስወጣል። ሰውዬው ደክሟል እኮ! የደከመው ግን ከታዘዘው ለመሸሽ ነው። ፈራሁ ብሎ ነው የቆፈረው። እንግዲህ ሃኬተኛ የተባለው ላቡን ያንጠፈጠፈ ሰው ከሆነ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሮጥ ሰው ሰነፍ ሊሆን አይችልም ያለው ማነው?

የንስሐ አባቴ አንድ ቀን ያጫወቱኝ ነገር አለ። መዝሙር 90 ላይ «ከቀትር ጋኔን» የሚል አለ፤ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ያውቀዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የነበሩ አባቶች ይህን ጋኔን የስንፍና መንፈስ ነው ብለው ተረዱት። እነሱም እስከ 9 ሰዓት ይጾሙ ነበር። ቀትር ላይ መነኩሴው ይሰለቸዋል። ፀሐይዋ አልሄድ ትለዋለች። ብቅ እያለ 9 ሰዓት ምን ያህል ቀረው ይላል። የሚጠይቀው ወንድም ይመጣ እንደሆነ መንገድ መንገዱን ያያል። በዓቱን፣ ማለትም ብቻውን የሚኖርበትን ቤት፣ ይጠላዋል፤ ሌላ ቦታ ብሆን ይሻለኝ ነበር ማለት ይጀምራል። የታመመ ልጠይቅ ብሎም መውጣት ያምረዋል። መልካም ሥራ ነዋ፣ ማን ይከለክለዋል!

አባ ይህን ሲነግሩኝ የእኛን ግቢ ቆመው ያዩት ነው የመሰለኝ። በጾም፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን እጅ ይዝላል። መወርወሪያው ይቀመጥና ስልክ ይወጣል። መጀመሪያ ስብከት ይከፈታል። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሌላ ሰባኪ ይታለፋል። ከዚያ መዝሙር፣ ከዚያ የሰው ሠርግ፣ ከዚያ ኳስ። ስብከት በስልክ መስማት ክፉ ነው አላልኩም። ማንበብ የማይችል፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው ተጠቅሞበታል። ግን ስለ ጸሎት ሲሰሙ መዋልና መጸለይ ለየቅል ናቸው። ውዳሴ ማርያሙን በስልክ ከፍቶ ተኝቶ የሚያድርም አለ። ስልኩ ሲጸልይ አደረ እንጂ እሱ አልጸለየም።

የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስ ራሱ ይህ መሰላቸት በረሃ ላይ ይዞት ነበር ይባላል። «ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?» አለ። ወጣ ሲል እሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን አየ። ሰውዬው ተነሥቶ ይጸልያል። ደግሞ ተቀምጦ ይጎነጉናል። ደግሞ ተነሥቶ ይጸልያል። ለካ መልአክ ነው። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህም» አለው። መልአኩ ሥራህን ተው አላለውም። ሥራህን ስትጨርስ ትጸልያለህም አላለውም።

ለግቢያችን ጥጥ የሚፈትሉ አንዲት እናት አሉ፤ እማማ ነው የምንላቸው። ፊደል አልቆጠሩም። በራቸው ላይ አጎዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ጥጡ በስተግራቸው፣ እንዝርቱ በቀኝ እጃቸው። እንዝርቱ በሞላ ቁጥር ያወርዱትና ጉልበታቸውን ደግፈው ይነሣሉ። ወደ ምሥራቅ ዞረው ያማትባሉ። አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ይሰግዳሉ። ቅዳሜ ከሆነ ስግደት ስለሌለ ቆመው ብቻ ይጸልያሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው አዲስ ጥጥ ያነሳሉ። ሰው እያወራቸው ከሆነ «ቆይ አንዴ ልጄ» ይላሉ። ወሬው ይጠብቃል። ደንበኛም ይጠብቃል። እንደ እሳቸው የሚፈትል ደግሞ ሰፈር ውስጥ የለም። ፈትላቸው ቀጭንና እኩል ስለሆነ ሸማኔው ሁሉ ይሻማበታል። ሥራ ይበዛባቸዋል ማለት ነው፤ ከማንኛችንም በላይ።

ወጣቶቹን ስናይ ችግሩ መጀመር አይደለም። ይጀምራሉ፤ ያውም በኃይል! የዘወረደ ሰኞ፣ ዐቢይ ጾም ሲጀመር ብታዩአቸው፣ ሌሊት ተነሥቶ መቆም፣ ሙሉ ዳዊት፣ ስግደት በመቶ። ሦስተኛው እሑድ፣ ምኩራብ፣ ሳይደርስ ሁሉም ያልቃል። ከዚያ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም፤ ለፍልሰታ እሞክራለሁ» ይመጣል። አንዱ ልጅ እንዲህ ደክሞት አባ ጋ ሄደ። ረጅም ቀኖና የሚጠብቀው መስሎት ነበር። ያዘዙት ግን ይህን ብቻ ነው፦ ጠዋት ስልክህን ሳትነካ ተነሥተህ ቁም፤ አማትብ፤ አቡነ ዘበሰማያት በል፤ ከዚያ ስልክህን አንሳ። በቃ። ልጁ ቅር ብሎት መጣ። «ይቺን ታህል?» አለኝ።

ይቺን ታህሏ ከበደችው። ስልኩ ትራስጌው ስለሚያድር ዓይኑ ሳይገለጥ እጁ ይቀድማል። በኋላ ዘዴ አገኘ፤ ስልኩን በሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ቻርጅ ላይ ሰክቶ ማደር ጀመረ። ማንቂያው ሲጮህ መነሣት ግድ ሆነበት። ከተነሣ ደግሞ ቆሟል፤ ከቆመ ያማትባል። ያቺ ስትጸናለት አባ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨመሩለት። አሁን ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ «ፈቀደ እግዚእ» ብሎ የሰኞውን ሲጀምር እሰማዋለሁ። «አንድ ቀን ቢያመልጠኝስ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «የትናንቱን አትደርብ፤ የዛሬውን ያዝ» አሉት። ይህን እንኳ እኛ ሸማኔዎች እናውቀዋለን። ድር ሲበጠስ እዚያው ቋጥረን እንቀጥላለን እንጂ ሸማውን በሙሉ አንፈታም።

ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ቀትር ላይ አንድ ሰው ይነሣል። ቀትር ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት ነው፤ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ነው። የፈለገ አብሮት ይቆማል፤ ያልፈለገ ሥራውን ይሠራል። አቡነ ዘበሰማያት፣ 12 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ አለቀ። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ያ ሰዓት ስልክ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። ትእዛዝ የዘገየበት ደንበኛ እስካሁን አልሰማሁም።

ደግሞ ሰውን ሁሉ ሰነፍ ማለት አልወድም። ሐዘን የሰበረው፣ በሽታ የጣለው፣ ሕፃን ይዛ ሌሊቱን ያነጋች እናት ሰነፍ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመና ለአራስ ጾሙን ታላላለች። አንዳንድ ሰባኪ መድረክ ላይ ወጥቶ «ይህ ትውልድ ሰነፍ ነው!» ብሎ ሲጮህ እሰማለሁ። ጩኸቱ ልጁን ያሳፍረዋል እንጂ አያስነሣውም። ያስነሣው ማን እንደሆነ ተናግሬአለሁ፤ ስሙን የሚያውቅና የሚችለውን ያህል ብቻ የሰጠው አባት ነው። የንስሐ አባት የሌለው ሰው ቢኖር ሌላውን ሁሉ ትቶ ከዚያ ይጀምር።

በየአጥቢያው የሠርክ ጉባኤ የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። ከሥራ ወጥቶ፣ በታክሲ ሰልፍ ደክሞ የሚመጣው ሰው ስብከት፣ መዝሙርና ማስታወቂያ በደንብ ያገኛል። አብሮ የሚጸልይበት ጊዜ ግን በጥድፊያ ነው የሚያልፈው። ከስብከቱ ሩብ ሰዓት ቀንሳችሁ እዚያው ቆመን እንድንጸልይ አድርጉ። ዜማውንም ትርጉሙንም አስተምሩን። ብዙ ሰው የማይጸልየው እንዴት እንደሚጀምር ስለማያውቅና መጠየቅ ስለሚያፍር ነው።

ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉም ጥያቄ አለኝ። ሌሊት የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ዘበኛው፣ ነርሷ፣ ዳቦ ጋጋሪው። እነሱ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት እንዴት አድርገው ይያዙ? ቀን ተኝተው ሲነሡስ ከየትኛው ይጀምሩ? ከሊቃውንቱ አንዱን ጠይቃችሁ በቀላል አማርኛ ብታወጡልን፣ ገጹን ቆርጠን ግቢያችን በር ላይ እንለጥፈዋለን። ግቢውን ሌሊት የሚጠብቁልን ጋሼ ይህን ጥያቄ ከጠየቁኝ ቆይተዋል፤ እኔም መልሱን አላውቀውም።

አክባሪያችሁ
አንድ ሸማኔ፣ ከሽሮ ሜዳ